የምን ሞራ ነው?

በእጄ የምሠራውን ሳሙና ለመጀመሪያ ጊዜ ባቲ ሰኞ ገበያ ይዤ የወጣሁ ዕለት፣ በመለያው ወረቀት ላይ የጻፍሁት «ሞራ፣ ዘይት፣ ውሃ፣ ሶዳ፣ ሽቶ» ብቻ ነበር። አንዲት እናት ሳሙናውን አሽትተው ከወደዱት በኋላ ወረቀቱን ለልጃቸው አስነበቡና «የምን ሞራ ነው፣ ልጄ? እርዱስ የማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የበሬ መሆኑን ነገርኋቸው፤ ሁለተኛውን ጥያቄ ግን መመለስ ስላልቻልሁ ሳሙናውን ቀስ አድርገው ወደ ቦታው መለሱት። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በሠርግም በኀዘንም እየተጠራሩ፣ ሥጋውን ግን ለየብቻ አርደው በሚበሉባት ወሎ፣ ይህ ጥያቄ ከመነሣቱ በፊት ወረቀቱ ላይ መልስ ሊኖረው ይገባ ነበር። ሳሙና ባይበላም ገላ ይነካል።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ግብዓት በየስሙ፣ በክብደት ከሚበዛው ጀምሬ እጽፋለሁ። የአውሮፓ ኅብረት የመዋቢያ ምርቶች ሕግም የሚያዝዘው ይህንኑ ቅደም ተከተል ሲሆን፣ ከ1 በመቶ በታች የሆኑትን ብቻ መጨረሻ ላይ እንደ ፈለጉ መደርደር ይፈቅዳል። «ዘይት» ብሎ ማለፍም አይበቃም፤ ሰሊጥ የማይስማማው ሰው አለና።

ብዙ ያሳሰበኝ ኮስቲክ ሶዳው ነው። እህቴ «የሚያቃጥል ነገር ጽፈሽ ማን ይገዛሻል?» ብላኛለች። ነገር ግን 450 ግራም የበሬ ሞራ፣ 300 ግራም የሰሊጥ ዘይትና 250 ግራም የኮኮናት ዘይት ሙሉ በሙሉ ወደ ሳሙና ለመለወጥ 149 ግራም ያህል ሶዳ ሲያስፈልግ፣ እኔ 5 በመቶ ቀንሼ 141 ግራም ብቻ ስለምጨምር፣ ሶዳው ከስቡ ጋር ተዋህዶ ያልቃል፤ የሚቀረው ሳሙናው፣ ግሊሰሪኑ፣ ውሃውና ቆዳን የሚያለሰልስ ጥቂት ስብ ነው። ስለዚህ ሶዳውን አልደብቅም፤ ከጎኑ «ሳሙናው ሲሠራ ያለቀ» ብዬ እጨምራለሁ። አንዳንድ ፋብሪካዎች በተዋሃደው ውጤት ስም «ሶዲየም ታሎዌት» ብለው ይጽፋሉ። ስሙ ትክክል ነው፤ የየትኛው እንስሳ ሞራ እንደሆነ ግን ለገዢው አይነግረውም።

አሁን ሁለት ዓይነት እሠራለሁ፦ አንዱ «የበሬ ሞራ፣ የክርስቲያን እርድ» የሚል፣ ሌላው ከዕፅዋት ዘይት ብቻ። ግሊሰሪኑ በክረምት እርጥበት ስለሚስብ፣ ሳሙናው ላይ በቀጥታ የለጠፍሁት ወረቀት ቀለሙ ፈስሶ «ሰሊጥ» የሚለው ቃል ጠፍቶብኝ ነበርና፣ ዛሬ መጀመሪያ በደረቅ ወረቀት ጠቅልዬ መለያውን ከላይ እለጥፋለሁ።