የሞርጋን መነጽር ጉዳይ

ቸክ ስለሚባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ 4ኛ ሲዝን አጨራረስ አቋሜ ያው ነው፣ ሞርጋን ያንን መነጽር ማድረጉ ልክ ነው። ልክ ብቻ ሳይሆን በሌላ ነገር ቢዘጉት ኖሮ እኔ ነበርኩ የምናደደው። ትናንት ማታ እህቴና ጓደኛዋ ሁለት ሆነው ወጥረው ይዘውኝ አመሹ፣ ጩኸታችን ከማየሉ የተነሳ እማዬ ከእንቅልፏ ተነስታ "ምንድነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?" ብላ መጣች፣ ስለ ፊልም ነው ስንላት ትንሽ አየችንና ምንም ሳትል ተመልሳ ተኛች። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እና የቀረውን እዚህ ልተንፍሰው።

(ያላያችሁት ካላችሁ እዚህ ጋ አቁሙ፣ ምንም አላስቀርም። ካለቀ ስንት ዘመኑ፣ ስፖይለር ምናምን አትበሉኝ።)

ለማያውቀው ባጭሩ፣ ቸክ በርባንክ የምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ ውስጥ ባይ ሞር የሚሉት የኤሌክትሮኒክስ መደብር ኮምፒውተር የሚጠግን ልጅ ነው፣ የድሮ የኮሌጅ ጓደኛው ኢሜይል ይልክለታል፣ ከፍቶ ሲያየው የመንግስት ሚስጥር በሙሉ በምስል መልክ ጭንቅላቱ ውስጥ ይገባል። ይሄን ነገር ኢንተርሴክት ይሉታል። ከዛ የአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች፣ ሲአይኤ ሰላይዋን ሳራን፣ ኤንኤስኤ ደግሞ ሰላዩን ኬሲን ይልኩበታል፣ በቃ ሳቁም ድብድቡም ፍቅሩም ከዛ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2012 ኤንቢሲ የሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ 5 ሲዝን፣ 91 ኤፒሶድ። ሞርጋን የልጅነት ጓደኛው ነው፣ አጭር፣ ፂማም፣ ከጌምና ከወሬ ውጪ ሙያ የሌለው፣ ግን ለቸክ ሲል እሳት ውስጥ የሚገባ።

ወደ ጠባችን ልመለስ። ሜይ 2011 ላይ በታየው የ4ኛው ሲዝን ፊናሌ (የመጨረሻ ክፍል) ቸክና ሳራ ሊጋቡ ነው፣ የጦር መሳሪያ ነጋዴው የቮልኮፍ ልጅ ቪቪያን ሙሽሪትን ትመርዛታለች፣ ቸክ ደግሞ ኢንተርሴክቱን ከጭንቅላቱ አውጥተውበታል፣ ባዶ እጁን ነው። እና በዛ ባዶ እጁ ሲአይኤን ራሱ ተጋፍጦ ሚስቱን ያድናታል። ሰርጉ ይደረጋል፣ ገንዘብም ይመጣል፣ የራሳቸውን የስለላ ድርጅት ሊከፍቱ ይወስናሉ፣ እኛም እፎይ ብለን ሪሞት ልናነሳ ስንል ለቸክ የተዘጋጀውን፣ ኢንተርሴክትን ከነድብድብ ችሎታው ጭንቅላት ላይ የሚጭነውን መነጽር ሞርጋን እንደ ተራ የፀሐይ መነጽር አንስቶ ዓይኑ ላይ ጣል ያደርገዋል። ምስሎቹ መዥጎድጎድ ይጀምራሉ። ከዛ ቀና ይልና "ጓዶች፣ ኩንግፉ እችላለሁ" ይላል። ተፈፀመ። ሲዝኑ እዚህ ያልቃል።

እህቴ ይሄንን ቀልድ ነው የምትለው፣ ያውም ርካሽ ቀልድ። ክርክሯ ባዶ አይደለም፣ ምክንያቱም ያቺ አረፍተ ነገር ተደጋግማ ነው፣ በ2ኛው ሲዝን ፊናሌ ኤፕሪል 27፣ 2009 ቸክ ራሱ ብሏታል። ያኔ ግን ዋጋ ነበራት። ነጻ ወጥቶ ነበር እኮ፣ አባቱ ኢንተርሴክቱን አውጥቶለት እንደ ሰው ሊኖር ነበር፣ ያ ኢሜይሉን የላከለት ጓደኛው ብራይስ ሲሞት ነው አዲሱን ኢንተርሴክት ወዶ ፈቅዶ ጭንቅላቱ ላይ የጫነውና ማሽኑን የሰባበረው። መጀመሪያ በኢሜይል ሳይፈልግ የገባበትን ነገር አሁን መረጠው። "ሞርጋን ግን ምን መረጠ?" አለችኝ፣ "መነጽሩ አምሮት ነው ያደረገው!"

አዎ፣ አምሮት ነው። እኔም እኮ የምለው ይሄንኑ ነው።

ሁሉም የሚረሳው ያንኑ ኤፒሶድ ነው። የቪቪያን አባት ቮልኮፍ ማነው? ጄምስ ቦንድን 2 ጊዜ የሰራው ቲሞቲ ዳልተን የሚጫወተው ያ አስፈሪ የጦር መሳሪያ ነጋዴ ለካ ሃርትሊ የሚባል ዓይናፋር ሳይንቲስት ነበር፣ የቸክ አባት ጓደኛ። ለስለላ ብለው በመጀመሪያው ኢንተርሴክት ሌላ ማንነት ጫኑበት፣ ለጊዜው ነው ተባለ፣ ማንነቱ ግን ሰውየውን ዋጠውና ቀረ። ዕድሜውን በሙሉ ቮልኮፍ ሆኖ ኖረ፣ ልጅ ወለደ፣ ሰው ገደለ፣ ራሱ ማን እንደሆነ ሳያውቅ። እና ያ ሁሉ ተወግዶለት እንደገና ሃርትሊ ሲሆን ሰውየው ያንን ጭካኔ አጥቶ እንዴት ግራ እንደሚገባው እዩት፣ ዳልተን ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ሌላ ተዋናይ የገባ ነው የሚመስለው። ለኔ ከተከታታዩ ሁሉ ምርጡ ትወና ነው፣ በዚህም ከማንም ጋር እጣላለሁ።

እንግዲህ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሄ ማሽን ሰውን እንዴት እንደሚበላ አሳይተውን፣ መጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ያንኑ ማሽን ከሁሉም የዋህ ለሆነው፣ ምን እንደሆነ እንኳን ሳይጠይቅ ለሚያደርገው ሰው ሰጡት። እህቴ የሳቀችበት ቦታ ላይ እኔ ሆዴን ነው የቆረጠኝ። ቸክ ሲያደርገው ምርጫ ነው፣ ሞርጋን ሲያደርገው አደጋ ነው፣ እና አደጋ መሆኑን የሚያውቅ አንድም ሰው ክፍሉ ውስጥ የለም።

የእህቴ ጓደኛ ክርክር ደግሞ ሌላ ነው፣ ቸክ ያለ ኢንተርሴክት ጀግና መሆኑን ካረጋገጠልን በኋላ ኢንተርሴክቱ ለምን ተመለሰ፣ በቃ ይቅር አይባልም ነበር ወይ ትላለች። ይሄኛው ከበደኝ። አልዋሽም፣ ትንሽ ዝም አልኩ። ግን ቸክ ላይ ቢመልሱት ነበር ያንን ሁሉ የሚያፈርሱት እኮ፣ ሌላ ሰው ላይ ስላደረጉት ቸክ ባዶውን ቀረ፣ በ5ኛው ሲዝን መጀመሪያ በጭንቅላቱ ብቻ መስራት ግዴታው ሆነ፣ ጓደኛው ሲወላገድበትም ቆሞ የሚያየው እሱ ሆነ። ድሮ ሳራና ኬሲ እሱን ይጠብቁ ነበር፣ አሁን ጠባቂው እሱ ነው።

መወላገዱ ደግሞ ቀልድ ብቻ አልነበረም። መነጽሩ ቸክን ለመጉዳት ሆን ተብሎ የተበላሸ ነበር፣ ሞርጋን ቀስ በቀስ ትዕቢተኛ ሆነ፣ ልጅነቱን ሙሉ ሲያወራላቸው የኖረውን ፊልሞች ረሳቸው፣ ፍቅረኛውን አሌክስን በቴክስት ተዋት። በቴክስት! ሞርጋን! እዚህ ጋ እህቴም ፀጥ አለች። ከዛ የመጨረሻዎቹን ኤፒሶዶች አስታወስኳት፣ ሳራ ቸክን ለማዳን ብላ ሌላ መነጽር አደረገች፣ በመጨረሻም ስለ ቸክ የነበራት ትዝታ በሙሉ ተፋቀ። ጃንዋሪ 2012 ላይ ሰው ሁሉ "ይሄ ከየት መጣ፣ እንዲህ ያለ ጭካኔ በኮሜዲ" ብሎ ጮኸ፣ እኔ ግን በሃርትሊም በሞርጋንም ነግረውን ነበር ባይ ነኝ። እያሳቁን ስለሆነ አልሰማናቸውም።

በመጨረሻው ትዕይንት ቸክና ሳራ ባህር ዳርቻው ላይ ስለሚሳሳሙት መሳሳም አልገባም፣ እሱ የራሱ ሌሊት ይፈልጋል። ትዝታዋ ተመለሰ አልተመለሰ በሚለው እህቴ አልተመለሰም ባይ ናት፣ ጓደኛዋ ደግሞ ቢመለስ ባይመለስ እንደገና ትወደዋለች ነው የምትለው፣ እኔ ከጓደኛዋ ጋ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ አንድ መሳም ትዝታዋን ይመልሰዋል የሚለውን ሃሳብ ለቸክ የሰጠው ማን ነበር? ሞርጋን።

ደራሲዎቹ ላይ ቅሬታ የለኝም ማለት ግን አይደለም። ያን የመሰለ መርዝ ሞርጋን ውስጥ ጨምረው በጥቂት ኤፒሶድ ማውጣታቸው አንገብግቦኛል፣ ግማሽ ሲዝን ይችል ነበር እኮ፣ ቸክ ጓደኛውን እያጣ መሆኑን ለማመን እንቢ ሲል ማየት እፈልግ ነበር። ችኩል ሆኑ፣ 13 ኤፒሶድ ብቻ ስለተሰጣቸው ይሆናል። ጫፍ ጫፉን ብጫ የቀቡት የሞርጋን ፀጉር ደግሞ በምንም ሂሳብ ይቅር አይባልም፣ እሱ ላይ ሦስታችንም ተስማምተናል።