ፍሪጅ ያደረው እስክሪብቶ

የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ መጥታ ጅማ እኛ ቤት አርፋለች። እናቴ ገና በመጀመሪያው ቀን አኮረፈች። ዶሮ ወጥ ተሠርቶላት ሁለት ጉርሻ ጎርሳ "በቃኝ" አለቻ! "በሞቴ" ቢባል፣ "አፈር ስሆን" ቢባል ወይ ፍንክች። እኛ ቤት በሁለት ጉርሻ የምትጠግበው ድመቷ ብቻ ናት፤ እሷም ስትታመም።

ለካ መርፌ ላይ ናት። ስኳሯ ከፍ ብሎ ሐኪሟ ኦዜምፒክ አዞላታል። በሳምንት አንዴ፣ እስክሪብቶ በሚመስል ነገር፣ ሆዷን ራሷ ትወጋለች። ስንበላ አንጀታችን "ጠግበሃል" የሚል ሆርሞን ያመነጫል አለችን። መድኃኒቱ እሱን አስመስሎ የተሠራ ነው፤ ስኳር ያወርዳል፣ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። አሜሪካ በ2017 ለስኳር ሕመም ፈቀደችው። በ2021 ደግሞ ያው መድኃኒት መጠኑ ጨመር ተደርጎ፣ ዊጎቪ ተብሎ ለውፍረት መጣ። እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ ስታበቃ "ታዲያ ዶሮውን ማን ሊበላው ነው?" አለች።

ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ዘመድ ልትጠይቅ ሊሙ ሄደች። ማታ ደወለች።

"ውይ! ፔኔን ጠረጴዛ ላይ ረሳሁት። ፍሪጅ አስገባልኝ በናትህ። በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን እንዳታደርገው፣ ከረጋ ይጣላል።"

ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ሳጥን አለ። ከፈትኩት። ወፍራም፣ ከባድ፣ ወገቡ ላይ ወርቃማ ቀለበት ያለው ፔን ተጋድሟል። የአሜሪካ መድኃኒት ሌላ ነው ብዬ በፎጣ ጠቅልዬ ከቅቤው አጠገብ አስቀመጥኩት።

ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። አራት ሰዓት ሆነ፣ የለም። ሳጥኑን በብብቴ ይዤ ባጃጅ ተኮናተርኩና ጄኔሬተር ያለው ወዳጄ ግሮሰሪ ሄድኩ። "የሰው ነፍስ ነው፣ አደራ!" አልኩት። ቢራዎቹን ገፋ ገፋ አድርጎ ቦታ ሰጠው። የባጃጁን ሒሳብ አልናገርም፣ እናቴ ፌስቡክ ታያለች።

እሁድ ስትመለስ ሳጥኑን እንደ እንቁላል በሁለት እጄ ይዤ አቀረብኩላት። ከፈተችው። ዝም አለች።

"ይሄ እኮ መሥሪያ ቤቴ የሸለመኝ እስክሪብቶ ነው።"

ታዲያ መድኃኒቱስ? ከጓዳ የእናቴ ድምፅ መጣ።

"ያ ፕላስቲኩ ከሆነ እኔ ጋ ነው! ዕድር ልጽፍበት ወስጄው፣ ባለአራት ቀለሙ መስሎኝ ጭራውን ባዞረው ጠቅ ጠቅ ይላል እንጂ አይጽፍም።"

መድኃኒቱ የዕድር ደብተሯ መሃል ተኝቶ ተገኘ። የአክስቴ ልጅ ጫፉን በአልኮል ጠራረገችና ወረቀቱን አንብባ ተረጋጋች። ለካ አንዴ ከተጀመረ፣ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ እስካላለፈ ድረስ፣ ፍሪጅ ባይገባም 56 ቀን ይቆያል። የባጃጁ ገንዘቤ!

እናቴ ግን ሐሳቧ ዕድሩ ላይ ነው። ሽልማቱን ከሳጥኑ አንስታ ደብተሩ ላይ ጫር ጫር አደረገችው። ነቅነቅ አድርጋ ደገመችው።

"ይሄም አይጽፍም" አለች። "ብርድ መቶታል።"