ጳጉሜ ባትመጣ ኖሮ ስህተቴን አላገኘውም ነበር

ሰኔ 2016 ላይ ሀዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ላለ አንድ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ድረ ገጽ ሠራሁ። ዋናው ነገሩ የስልጠና ፕሮግራሙ ሰንጠረዥ ነው። የትምህርቱ ስም፣ የሚጀምርበት ቀን፣ ሰዓት፣ ክፍያ። ጓደኛዬ ደግሞ የከተማውን ስልጠናዎች ከየድረ ገጹ ለቅሞ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፍ ቦት አለው። ቦቱ ሰንጠረዡን እንዲያነብ ነው በኤችቲኤምኤሉ (ድረ ገጽ በሚጻፍበት ቋንቋ) ውስጥ የትኛው ቀን፣ የትኛው ክፍያ እንደሆነ ምልክት ማድረግ ያስፈለገው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ለሰንጠረዡ ካፕሽን (የሰንጠረዡ ርዕስ)፣ ለአምዶቹ ርዕስ ቲኤች የሚባለው ታግ ከነስኮፑ፣ ማለትም ርዕሱ የአምዱ መሆኑን ከሚናገረው ጋር። እያንዳንዱ ረድፍ፣ ማለትም ቲአሩ፣ አይተምስኮፕና አይተምታይፕ ይሰጠውና ለማሽን የሚሆኑ የጋራ ስሞችን በሚያወጣው በስኪማ ዶት ኦርግ አጠራር «ኢቨንት» (ዝግጅት) ይሆናል፤ ቲዲዎቹ፣ ማለትም የረድፉ ሕዋሶች፣ ምን እንደያዙ የሚናገር የየራሳቸውን አይተምፕሮፕ ይይዛሉ። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቲአር ውስጥ በቀጥታ ሜታ ወይም ዲቭ የሚባሉትን ታጎች አትክተቱ። ብራውዘሩ አውጥቶ ከሰንጠረዡ በላይ ያስቀምጠዋል፣ መረጃውም ከረድፉ ይለያል። የግድ ከሆነ ቲዲ ውስጥ ይግባ።

ጉግል የሚመክረው መረጃው ከሚታየው ጽሑፍ ተለይቶ ስክሪፕት ውስጥ የሚጻፍበትን ጄሰን-ኤልዲን ነው። እኔ ለእንዲህ ዓይነት ቤት አልመክረውም። ሰንጠረዡን የምታድሰው ሬጅስትራሯ ናት። ክፍያ ሲጨምር የሚታየውን ትቀይራለች፣ ስክሪፕቱ ውስጥ ያለው አሮጌ ዋጋ ግን እዚያው ይቀራል። ማይክሮዳታ፣ ማለትም ከላይ ያልኩት የአይተምፕሮፕ አሠራር፣ የሚታየው ጽሑፍ ላይ ስለሚለጠፍ አንዱን ስትቀይር ሌላውም ይቀየራል። ሁለት ቦታ የሚጻፈው ቀኑና ሰዓቱ ብቻ ነው። እኔም የወደቅኩት እዚያው ላይ ነው።

ቀንና ሰዓት በሚጻፍበት ታይም ታግ ውስጥ ለሰው «ሐምሌ 8» ተብሎ ይጻፋል፣ ለማሽን ደግሞ ዴትታይም በሚባለው የታጉ ክፍል ላይ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በቁጥር። እኔ 2016-11-08 አልኩ። ሐምሌ አስራ አንደኛው ወራችን ነዋ! ማሽኑ ግን የሚያነበው በጎርጎርዮስ ነው፤ ለሱ ይሄ ኖቬምበር 2016፣ ከሰባት ዓመት በፊት ያለፈ ቀን ነው። ቦቱ ያለፈ ነገር አይለጥፍም፣ ለምን እንደጣለውም አይናገርም።

የታጎቹን ትክክለኛነት የሚመረምር መፈተሻ ላይ ባስገባው ስህተት 0፣ ማስጠንቀቂያ 0። ቅርጹ ትክክል ነው፣ ምን ይበል? እኔ ግን ያንን 0 አምኜ ሌላ ሌላውን ስፈልግ ከረምኩ። ታጎቹን ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ጋ ደውዬ «አንተ፣ ቦትህ ተበላሽቷል» አልኩት። «የሌላው ሁሉ እየወጣ ነው እኮ» አለኝ፣ እውነቱን ነው። የሐምሌው ዙር በአራት ሰው ተጀመረ። የማሰልጠኛው ባለቤት «ልጄ፣ ድረ ገጹን አይቼ ነው ብሎ የመጣ አንድም ሰው የለም እኮ» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። የነሐሴ 6ም እንደዚያው አለፈ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የጳጉሜ 4ን አጭር ኮርስ አስገባሁ፦ 2016-13-04። መፈተሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይ አሳየኝ። ቀኑ ልክ አይደለም አለ። አስራ ሦስተኛ ወር አያውቅማ! ያኔ ነው ሁሉም ነገር የበራልኝ፣ በጣምም ተናደድኩ። የኤችቲኤምኤል ደንቡ ጎርጎርዮስ ነው ብሎ በግልጽ ይናገራል። ያነበብኳቸው ማስተማሪያዎች ግን ሁሉም የሚያውቀው ይመስል ነገሩን ዘለውታል። እኔም ኢትዮጵያዊ ሆኜ ይህን አለመጠርጠሬ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሰዓቱንም ሳየው ያው ነው። ጠዋት 2፡30ን 02:30 ብዬዋለሁ፣ ይህ ማለት ሌሊት 8፡30 ነው። ትክክሉ 08:30 ሆኖ መጨረሻው ላይ +03:00 ይገባበታል።

ዓመቱን በደፈናው ስምንት ደምሮ መጻፍ አያዋጣም። ጥቅምት 4፣ 2017 ማለት 2024-10-14 ነው፣ ልዩነቱ ሰባት። ጥር 5፣ 2017 ግን 2025-01-13 ነው፣ ስምንት። መለወጫ ተጠቀሙና ዕለቱን አመሳክሩ። የኛ ኮርሶች ሰኞ ነው የሚጀምሩት፤ የወጣው ቀን ሰኞ ካልዋለ አንድ ቦታ ተሳስቻለሁ ማለት ነው። ለሬጅስትራሯም የዓመቱን ሰኞዎች በሁለቱም አቆጣጠር አትሜ ጠረጴዛዋ ላይ ለጥፌላታለሁ።

ጳጉሜ 4ን 2024-09-09 ብዬ አስተካከልኩት። ሰኞ ነው። ማታውኑ ቦቱ ለጠፈው። በማግስቱ የማሰልጠኛው ባለቤት ጋ ሄጄ የሐምሌና የነሐሴ ዙር ለምን ሰው እንዳጣ ነገርኳቸው።