በ1,200 ዶላር የሊቨር አክሽን ጠመንጃ ፍለጋ

ጠመንጃ ልገዛ ስነሣ ለዚሁ ጉዳይ የመደብኩት 1,200 ዶላር ነበር። ባለቤቴ ግን ሒሳቡን ከእኔ ቀድማ ሠርታ ስለነበር፣ ከዚህ ገንዘብ ላይ ልጆች የማይከፍቱት የብረት ሣጥን፣ ጥይት፣ የጆሮ መከላከያና የአደን ፈቃድ እንደሚወጣ፣ ለጠመንጃው የሚተርፈውም ከ800 ዶላር ብዙ እንደማያልፍ በወረቀት ላይ አስቀምጣ ሰጠችኝ። የምንኖረው በኦሃዮ ግዛት በኮለምበስ ከተማ ሲሆን፣ ጠመንጃ ያስፈለገኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከከተማው ራቅ ብሎ በሚገኘው የወላጆቹ እርሻ ላይ አብሬው አጋዘን እንዳድን ስለ ጋበዘኝ ነው። ጠመንጃ ለዓይኔ እንግዳ አይደለም፤ ጎጃም ውስጥ ያደግኩት አባቴ ከግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ምንሽር እያየሁ ነው። ነገር ግን እንድነካው አይፈቀድልኝም ነበርና የማውቀው ስሙንና ክብሩን እንጂ አሠራሩን አልነበረም።

የመጀመሪያው ትምህርት የመጣልኝ ከሱቅ ሳይሆን ከአደን ደንቡ ነው። በልጅነታችን በካውቦይ ፊልም ያየነውን፣ ከቃታው ሥር ባለው ማንሻ በተባለ የብረት ቀለበት የሚቀባበለውን፣ ሊቨር አክሽን የሚባለውን ጠመንጃ ለመግዛት ወስኜ ነበር፤ ባልደረባዬም ይህ ዓይነቱ ጠመንጃ በአሜሪካ ለአጋዘን አደን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያገለግል የኖረው በአብዛኛው 30-30 በሚባለው ጥይት እንደሆነ ነገረኝ። ይሁን እንጂ በኦሃዮ ይህ ጥይት ለአጋዘን አይፈቀድም። ግዛቲቱ ለረጅም ዘመን አጋዘን በጠመንጃ እንዲታደን ስትፈቅድ ሾትገንንና መሰሎቹን እንጂ ሩቅ የሚሄድ ጥይት የሚተኩሱትን አትጨምርም ነበር፤ ከ2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ቀለሃቸው ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለና ስፋታቸው ከ0.357 እስከ 0.50 ኢንች የሆኑ ጥይቶችን የሚተኩሱ ጠመንጃዎች እንዲገቡ ፈቀደች። የ30-30 ቀለህ አንገቱ እንደ ጠርሙስ ይጠባል፤ ስለዚህ ከደንቡ ውጭ ነው። እንደ 357 ማግነም፣ 44 ማግነምና 45 ኮልት ያሉት የሽጉጥ ጥይቶች ግን ቀለሃቸው ቀጥ ያለ በመሆኑ ይፈቀዳሉ። የሽጉጥ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ መፈለግ የጀመርኩት እንግዲህ በምርጫ ሳይሆን በግዴታ ነበር፤ በኋላ ግን ግዴታው በጀኝ።

የሽጉጥን ጥይት በረጅም ጠመንጃ መተኮስ ዛሬ የተፈጠረ ብልሃት አይደለም። የዊንቸስተር 1873 ሞዴል በ44-40 ጥይት ይሠራ ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም የኮልት ኩባንያ ያንኑ ጥይት የሚጎርስ ሽጉጥ አወጣ። በምዕራብ አሜሪካ በፈረስ የሚጓዝ ሰው ሁለት ዓይነት ዝናር መታጠቅ ቀረለት ማለት ነው። በፊልም የምናየው ካውቦይ 45 ኮልት በሽጉጡም በጠመንጃውም ሲያጎርስ ቢታይም፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዊንቸስተር ለዚህ ጥይት የሠራው ጠመንጃ አልነበረም፤ በጠመንጃ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። ለእኔ ጉዳይ ዋነኛው ግን የ1892 ሞዴል ነው። ጆን ብራውኒንግ የተባለው የዩታ ሰው ለዊንቸስተር የነደፈው ይህ ጠመንጃ ቀላልና አጭር ሆኖ፣ ከኋላ በሁለት ቋሚ ብረቶች ስለሚቆለፍ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ዊንቸስተርም ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሠርቶታል። ከዓድዋ ድል አራት ዓመት ቀደም ብሎ የተነደፈ መሆኑን ሳስብ፣ አያቶቻችን በየተኩሱ አንድ አንድ ጥይት እያጎረሱ የተዋጉበት ውጅግራ ትዝ ይለኛል።

ከሦስቱ ጥይቶች የመረጥኩት 357 ማግነምን ነው። እርግጥ 44 ማግነም ለአጋዘን የበለጠ ኃይል አለው፤ አዳኞችን ብትጠይቁ አብዛኞቹ እርሱን ይመክራሉ። እኔ ግን ጠመንጃ በዓመት አንድ ሳምንት ለአደን፣ በቀሩት ወራት ደግሞ ለልምምድ የሚያገለግል ዕቃ ነው ብዬ አስባለሁ፤ የልምምዱ ጥይት ውድ ከሆነ ሰው አይለማመድም፣ ያልተለማመደ ሰው ደግሞ አጋዘን አቁስሎ ይለቃል። በ1935 የወጣው 357 ማግነም የተሠራው ከ1898 ጀምሮ የነበረውን 38 ስፔሻል ቀለሁን ከሦስት ሚሊ ሜትር ጥቂት በሚበልጥ በማርዘም ነው። ስለዚህም በ357 ጠመንጃ ውስጥ 38 ስፔሻል መተኮስ ይቻላል፤ ማግነሙን ለ38 ብቻ በተሠራ መሣሪያ መተኮስ ግን ክልክል ነው። እኔ በምገዛበት ሱቅ 38 ስፔሻል ሃምሳው ፍሬ ወደ 25 ዶላር ሲሆን፣ 44 ማግነም ግን የዚህ እጥፍ ይጠጋ ነበር። በወር መቶ ጥይት ለሚተኩስ ሰው የአንድ ዓመት ልዩነቱ ብቻ ለሌላ ጠመንጃ ዋጋ ይጠጋል።

በኃይልም ቢሆን 357 በረጅም አፈሙዝ ሌላ ጥይት ይሆናል። 158 ግሬን፣ ማለትም ከ10 ግራም ጥቂት የሚበልጥ እርሳስ ከአራት ኢንች ሽጉጥ ሲወጣ በሰከንድ 1,200 ጫማ ገደማ የሚጓዝ ሲሆን፣ ባሩዱ ነድዶ ለመጨረስ ጊዜ በሚያገኝበት የጠመንጃ አፈሙዝ ውስጥ ሲያልፍ ግን ወደ 1,800 ጫማ ይጠጋል። የኃይል መጠን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ በጥይቱ የሚወጣው ኃይል በእጥፍ ይጨምራል ማለት ነው። ይህም ሆኖ እርሳሱ አጭርና አፍንጫው ጠፍጣፋ ስለሆነ ፍጥነቱ ቶሎ ይወድቃል፤ ከመቶ ያርድ በላይ ባለ አጋዘን ላይ መተኮስ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። አፍንጫው ጠፍጣፋ እንዲሆን የሚፈለገውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጥይቶቹ በአፈሙዙ ሥር ባለው ቱቦ ውስጥ አንዱ ከአንዱ ኋላ ስለሚደረደሩ፣ ሹል የብረት አፍንጫ ያለው ጥይት የፊተኛውን ጥይት መቀጣጠያ ሊመታና እዚያው ቱቦው ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል።

ወደ ገበያው ስመለስ በ357 የሚገኙት ብዙዎቹ ከአቅሜ በላይ ነበሩ። የማርሊን 1894 ቀለሁን ወደ ጎን ስለሚያወጣ በላዩ ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር ለመግጠም የተመቸ፣ እጅግ የምወደው መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን ባለቤቱ የነበረው ሬሚንግተን በ2020 ከከሰረ በኋላ ሩገር ገዝቶት በሰሜን ካሮላይና እንደገና መሥራት ሲጀምር ዋጋው ከ1,000 ዶላር አለፈ። የሄንሪው ቢግ ቦይ ማንሻው እንደ ቅቤ የለሰለሰ ነው፤ ቱቦውንም ስቦ በማውጣት ጥይቱን በአንድ ጊዜ ማራገፍ መቻሉ ልጆች ላሉበት ቤት መልካም ነገር ነው። ሆኖም ብረት ለበሱ ወደ 900 ዶላር ሲጠጋ፣ በናስ ያጌጠው ደግሞ ክብደቱ ወደ አራት ኪሎ በመሆኑ ለሃምሳ ዓመት ትከሻ አይመከርም። የጣሊያኖቹ የ1873 ቅጂዎች ውበታቸው አይጠገብም፤ እነርሱ ግን ለበዓል ተኩስ ለሚሰለፉ ሰዎች እንጂ እንደ እኔ ገንዘቡን ለሚቆጥር የሚሆኑ አይደሉም። የቀረኝ በብራዚል የሚሠራው ሮሲ አር92 ነበር። የብራውኒንግን የ1892 ንድፍ ተከትሎ የሚሠራ ሲሆን፣ በ20 ኢንች አፈሙዝ አሥር ጥይት በቱቦው ይይዛል፤ ክብደቱም ከሦስት ኪሎ በታች ነው። በ740 ዶላር አገኘሁት።

ርካሽ ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ዋጋውን የሚከፍለው በከፊል በትዕግሥቱ ነው፤ ያንን ትዕግሥት ደግሞ ሱቅ ውስጥ እያለ ቢጠቀምበት ይሻላል። ባለ ሱቁን ፈቃድ ጠይቄ ባዶ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ማንሻውን ብዙ ጊዜ ቀስ እያልኩ አቀባበልኩት፤ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ከሌላው ጋር ለማወዳደር ነው። ከዚያ የፊተኛው ማነጣጠሪያ ቀጥ ብሎ መቆሙን ከኋላ ሆኜ አየሁ፤ ያጋደለ ከሆነ የኋለኛውን እስከ ዳር ብትገፉትም ጥይቱ ወደ መሐል አይመጣም። ጥይት የሚጎርስበትን የጎን በር ከንፈር በአውራ ጣቴ ዳሰስኩ፤ በአዲስ ጠመንጃ ላይ ስለት ሊኖረው ይችላልና። የአፈሙዙን ጫፍ በእጅ ባትሪ ተመለከትኩ፣ ሰደፉና ብረቱ የሚገናኙበት ቦታ ክፍተት እንደሌለው አየሁ። ባለ ሱቁ ሦስት ጠመንጃ ካወጣልኝ በኋላ መሰላቸቱን ባይደብቅም፣ ሁለተኛውን መረጥኩ።

በቅጹ ላይ ጥቂት ልቆይ፣ ምክንያቱም ከአገር ልጆች ብዙ ጥያቄ የሚመጣልኝ በዚህ ነው። ፈቃድ ካለው ነጋዴ የሚገዛ ሰው 4473 የተባለውን የፌዴራል ቅጽ ይሞላል፤ ከዚያም ነጋዴው የኤፍቢአይን የማጣሪያ ሥርዓት ይጠይቃል። ረጅም ጠመንጃ ለመግዛት ዕድሜ 18 መሙላት ያስፈልጋል፤ ዜግነት ያልወሰደ ግን የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው መግዛት ሲችል፣ በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው ግን በሕጉ ከተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች በቀር አይችልም። ቅጹ መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው አንዱ እውነተኛው ገዢ አንተ ነህን የሚለው ነው። ወረቀት የሌለው ወዳጅ በሰጣችሁ ገንዘብ ለእርሱ በስማችሁ መግዛት፣ በእኛ ዘንድ እንደ ውለታ ቢቆጠርም፣ በዚህ አገር ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው። ማሪዋናን በተመለከተም ቅጹ በግልጽ ያስጠነቅቃል፤ ኦሃዮ በ2023 በሕዝብ ድምፅ ብትፈቅደውም በፌዴራል ሕግ ተጠቃሚው ጠመንጃ እንዳይገዛ የተከለከለ ነው። ስማችሁን ደግሞ በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ጻፉ፤ የአባት ስም የቤተሰብ ስም በሚሆንበት አገር የእኛ የስም አደራደር ያምታታል። በእኔ በኩል መልሱ በደቂቃዎች ውስጥ መጣ፤ በኦሃዮም የመጠበቂያ ቀን ስለሌለ ያንኑ ዕለት ይዤ ወጣሁ።

በመጀመሪያው የተኩስ ልምምድ አፈርኩ። አራተኛው ጥይት ላይ ጠመንጃው ቆመ፤ ባዶው ቀለህ ግማሹ ወጥቶ፣ አዲሱ ጥይት ከሥሩ ተወትፎ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። አዲስ ዕቃ እንዳይጎዳብኝ ብዬ ማንሻውን የሰው በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ በቀስታ እገፋው ነበር፤ ይህ አሠራር ግን ማንሻው ወደ ፊት እስከ መጨረሻው ካልተገፋ ቀለሁን አይወረውርም፣ ጥይቱንም አያነሣም። በአጠገቤ ይተኩሱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አሜሪካዊ መጥተው «ልጄ፣ የተናደድክበት አስመስለህ አቀባብለው» አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልቆመብኝም። ሁለተኛው ጉድለት የጥይቱ ዓይነት ነበር። ለሽጉጥ ኢላማ የሚሸጠውን፣ አፍንጫው ከቀለሁ ጋር እኩል የተቆረጠውን 38 ስፔሻል ርካሽ ሆኖ ስላገኘሁት አንድ ፓኮ ገዝቼ ነበር፤ ለሽጉጥ ድንቅ ቢሆንም ማንሻው ጥይቱ ወደሚተኮስበት ጓዳ ሊያስገባው አልቻለም። ጫፉ በጥቂቱ የሾጠጠውና ፊቱ ጠፍጣፋ የሆነው እርሳስ ግን እንደ ውኃ ገባ።

ማነጣጠሪያው ላይ የዓይኔ ነገር ነበረ። በሃምሳ ዓመቴ የኋለኛውን ጎድጎድና የፊተኛውን ነጥብ በአንድ ላይ ማጥራት አቅቶኛል። ቀለሁ ወደ ላይ ስለሚወጣ መነጽር መግጠም አይመችም፤ ጠመንጃው በድንገት እንዳይተኩስ የሚይዘውን የመቆለፊያ ጉጥ አውጥቶ በቦታው ቀዳዳ ማነጣጠሪያ የሚተክሉ ሰዎችም አሉ፤ ይሁንና ልጆች ካሉበት ቤት መቆለፊያ የማወጣ ሰው አልሆንም። ስለዚህ የፊተኛውን ነጥብ ነጭ ቀለም ቀባሁት፤ አምስቱን ጥይት በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ማስቀመጥ የቻልኩት እስከ 75 ያርድ ብቻ መሆኑን በተደጋጋሚ ካየሁ በኋላም ያንን ርቀት ወሰኔ አደረግኩት።

የጠመንጃ የአጋዘን አደን ሳምንት የሚከፈተው ከምስጋና ቀን በኋላ ባለው ሰኞ ነው። በኦሃዮ ደንብ መሠረት ቱቦው አሥር ቢይዝም ለአጋዘን የሚጫነው በጠቅላላው ከሦስት ጥይት አይበልጥም። በመጀመሪያው ቀን የመጣው ትልቁ ወንድ አጋዘን በግምት 130 ያርድ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ጣቴን ከቃታው ውጭ አድርጌ እንዲሄድ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ከስልሳ ያርድ ላይ አንዲት ሴት አጋዘን ጎኗን ሰጠችኝ፤ አንድ ጥይት በቂ ሆነ፣ ከተመታችበትም ከሠላሳ እርምጃ በላይ አልሄደችም ነበር። ለአባቴ ስልክ ደውዬ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስንት ጥይት እንደጨረስኩ ነው። ከዚያ ቀጥለው ቀኑ ጾመ ነቢያት መግባቱን አስታወሱኝ። ሥጋው በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ገና ቆየ፤ ባለቤቴም በወረቀቷ ላይ የትልቅ ማቀዝቀዣ ዋጋ እንዳልጻፈች የነገረችኝ ያን ጊዜ ነው።