የክርስትና ስሟ ማን ነው?

በ2010 ክረምት እናቴ ታማ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኛች። አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። አስታሞ የሚያውቅ ሰው ያንን ኮሪደር ያውቀዋል። ማታ ካርቶን ይነጠፋል፣ ጋቢ ይደረባል። ሌሊት ነርሷ «የአልጋ ቁጥር 9 አስታማሚ!» ብላ ስትጣራ ቁጥሩ የሱ ያልሆነውም ብድግ ይላል። መድኃኒቱ እዚህ የለም፣ ከውጭ ግዙ። ደም ያስፈልጋል፣ የሚተካ ሰው አምጡ።

ከጎኔ የሚያድሩ አንዲት እማማ ነበሩ። ጎልማሳ ልጃቸውን ይዘው ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። በሦስተኛው ቀን ሻይ ስሰጣቸው ብርጭቆውን ተቀበሉኝና «እናትሽ የክርስትና ስሟ ማን ነው?» አሉኝ።

እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ። እናቴ በሕፃንነቷ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቃለች፤ እኛ ቤት ግን ያ ስም ተጠርቶ አያውቅም። አክስቴ ጋ ደወልኩ። «ወለተ ሚካኤል ናት፣ ምነው?» አለችኝ ደንግጣ። እማማ ስሙን ሁለቴ ደገሙት። ከዚያ የነጠላቸውን ጫፍ ያዙና ጠበቅ አድርገው ቋጠሩት።

ጫፉ ላይ ሌሎች ቋጠሮዎች ነበሩ። የመጀመሪያው የልጃቸው ነው። ሁለተኛው ፊት ለፊት የተኛው እግሩ የተሰበረ ሹፌር። ሦስተኛው ኮሪደሩን የምትጠርገው ልጅ። እማማ መጻፍ አይችሉም። ጠዋት ገና ሳይነጋ ወደ ምሥራቅ ዞረው ይቆሙና ቋጠሮዎቹን በጣታቸው እየዳሰሱ ስም ይጠራሉ።

«እማማ፣ ይሄን ሁሉ የማያውቁትን ሰው እንዴት ይችሉታል?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ልጄ፣ በቅዳሴው ስለ መንገደኛ ይጸለያል። መንገደኛውን ማን ያውቀዋል?» አሉኝ።

ያን ጊዜ በቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ቡድን ውስጥ ዓመታት አስቆጥሬ ነበር። ለሀገር ጸልያለሁ። ለመሪዎች ጸልያለሁ። ወንጌል ላልደረሳቸው ሕዝቦች አዳር ጸልያለሁ። ከጎኔ ካርቶን ላይ የሚያድር ሰው ስሙ ማን እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ያ ጠዋት በጣም ከበደኝ።

እናቴ ድና ወጣች። እኔም በቀን ቢያንስ ለአንድ ለማላውቀው ሰው ልጸልይ ወሰንኩ። ከየት እንደምጀምር ግን አላወቅሁም። ትንሽ ሳስበው ቀድሞውኑ አፌ ላይ እንዳለ ገባኝ። እኛ እኮ ቀኑን ሙሉ ለማናውቀው ሰው ስንጸልይ ነው የምንውለው። ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» እንላለን። ለመንገደኛ «በሰላም ያግባህ»፣ ለነፍሰ ጡር «በሰላም ይገላግልሽ»፣ ለሐዘንተኛ «እግዚአብሔር ያጽናሽ»። አስከሬን የጫነ መኪና ሲያልፍ «ነፍስ ይማር»። ጸሎት ናቸው፣ ሁሉም። አፋችን ስለለመዳቸው ብቻ ልባችን ሳይሰማቸው ያልፋሉ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን «እግዜር ይስጥህ» የምትለዋ ናት። የኔ ቢጤው እጁን ዘርግቶ «ስለ ፈጣሪ» ሲለን እጃችንን ከፍ አድርገን «እግዜር ይስጥህ» ብለን እናልፋለን። ትርጉሟን ሁላችንም እናውቀዋለን። የለኝም፣ ልለፍበት ማለት ነው። ጸሎት የነበረችውን ቃል በር መዝጊያ አደረግናት። የያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2 ላይ፣ ለታረዘውና ለተራበው የሚያስፈልገውን ሳትሰጡት «በደኅና ሂዱ፣ እሳት ሙቁ፣ ጥገቡ» ብትሉት ምን ይጠቅመዋል ይላል። ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ! መገናኛ ድልድይ ሥር በየቀኑ የማደርገው ግን ያንኑ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕጌ ይሄ ሆነ። ካልቆምኩ አልላትም። «እግዚአብሔር ይስጥሽ» የምል ከሆነ እቆማለሁ፣ ያለኝን እሰጣለሁ፣ ስም እጠይቃለሁ። የሚሰጥ ነገር ከሌለኝ «ዛሬ አልያዝኩም፣ ይቅርታ» እላለሁ። ይሄ ቀላል ይመስላል። ቁልቁል ጎንበስ ብዬ «ስምሽ ማን ነው?» ያልኳት የመጀመሪያዋ ሴት ግን መልስ ከመስጠቷ በፊት ኋላዋን ዞራ አየች። ሌላ ሰው የጠየቅሁ መስሏት ነበር።

ታክሲ ውስጥ ሌላ ልማድ ያዝኩ። ከመገናኛ ገርጂ እስክደርስ ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ እከትና አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው በልቤ እጸልያለሁ። ዓይን መጨፈን የለም፣ ከንፈር ማንቀሳቀስ የለም። «ጌታ ሆይ፣ ይሄ ሰው ዛሬ የሚሄድበትን ቦታ አንተ ታውቀዋለህ» ብዬ እጀምራለሁ። መጀመሪያ ያዘኑ የሚመስሉትን ብቻ እመርጥ ነበር፤ ቆይቼ ተውኩት። ፊት ብዙ አያሳይም። ቦሌ አየር ማረፊያ ሰው ልሸኝ ስሄድ ግን አሁንም መምረጥ አልተውኩም። ወደ ቤሩት፣ ወደ ጅዳ ለሥራ የሚሄዱትን እህቶች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሰልፍ ይዘው ሳያቸው እዚያው ቆሜ በዓይኔ አንድ በአንድ እቆጥራቸዋለሁ። አሠሪዎቻቸውን ጭምር አስባቸዋለሁ። በሩን የሚከፍትላቸው ሰው ልቡ እንዲራራ።

ድምፅ አውጥቶ መጸለይ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚያ ላይ ብዙ አጥፍቻለሁ።

አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ አንዲት ወጣት ታለቅሳለች። ሳልጠይቃት እጄን ትከሻዋ ላይ አድርጌ «በኢየሱስ ስም» ብዬ ጀመርኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ልጅቷ ትከሻዋን አሸሸች። «ወራጅ አለ!» አለችና ምንም ነገር የሌለበት ቦታ ላይ ወረደች። በመስኮት አየኋት፤ መንገዱን ይዛ ወደ ፊት ነበር የምትሄደው፣ ታክሲው ወደሚሄድበት። ሰፈሯ አልነበረም ማለት ነው። ከእኔ ለመሸሽ ነው የወረደችው። ለብዙ ቀን ከዓይኔ አልጠፋችም።

ከዚያ ወዲህ ሳልጠይቅ ጀምሬ አላውቅም። ጌታ በርጤሜዎስን እንኳ «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ብሎታል። ሰውየው ዓይነ ስውር ነው፣ የሚፈልገው ግልጽ ነው፤ ጌታ ግን ጠየቀው። እኔም ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ልጸልይልሽ ወይ? ስለ ምን? «አይ፣ ይቅርብኝ» ካለችኝ «እሺ እህቴ፣ አይዞሽ» ብዬ ዝም እላለሁ።

አንዴ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ወረፋ ላይ ልጇ የሚያተኩሳት እናት አጠገቤ ነበረች። ሒጃብ አድርጋለች። ጠየቅኳት። «በማን ስም ነው የምትጸልዪው?» አለችኝ። «በኢየሱስ ስም ነው። ካልተመቸሽ በልቤ አደርገዋለሁ» አልኳት። ትንሽ አሰበች። «በልብሽ አድርጊው። እኔም ዱዓ አደርግልሻለሁ። አንቺን ምንሽን ነው ያመመሽ?» አለች። ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። እኔ ሁልጊዜ ጠያቂ ነኝ። የእናቴን ስኳርና የሥራዬን ጭንቀት እዚያው ወረፋ ላይ ነገርኳት። ልጇን ታቅፋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

አሁን የምጽፈው በጣም የምጸጸትበት ነው። ሰፈራችን በሚሠራ ሕንፃ ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት ነበር። ቲቢ ይዞት መድኃኒት ከጀመረ ሁለት ወር ሊሆነው ነው። እንድጸልይለት ፈቀደልኝ። እኔም እንደለመድኩት «ጌታ ሆይ፣ ስለ ፈወስከው አመሰግንሃለሁ» ብዬ ጨረስኩ። እኛ ጋ እንዲህ መጸለይ የእምነት አነጋገር ነው። እሱ ግን ቃሉን እንዳለ ወሰደው። ከሳምንታት በኋላ ዘበኛው «ያ ልጅ መድኃኒቱን ትቶታል» አለኝ። ሮጬ ሄድኩ። «ተፈውሰሃል ብለሽኝ የለም እንዴ?» አለኝ። ሳሉም ቀንሶለት ነበር።

አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ በትዕግሥት አስረዳችው። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳሉንም ትኩሳቱንም ያስታግሳል፤ ጀርሙ ግን ገና አልጠፋም። የ6 ወሩ መድኃኒት በመሐል ከተቋረጠ የተረፈው ጀርም መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ያን ጊዜ ሕክምናው ይረዝማል፣ ይከብዳል። ልጁ እንደገና ጀምሮ ጨረሰ፤ ተመስገን። ባይጨርስስ? የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጸበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አብረው እንዲጠቀሙ በግልጽ ተናግረው ነበር። እኛም በየመድረካችን እንደዚያ በግልጽ ልንናገር ይገባል። እኔ አሁን ለታመመ ሰው ስጸልይ «ጌታ ሆይ፣ መድኃኒቱንም ባርከው» እላለሁ። አሜን ካልን በኋላም «መድኃኒትህን እንዳታቋርጥ» ሳልል አልሄድም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ከቤተ ክርስቲያን ቡድን ጋር ለሁለት ሳምንት ወደ ጂንካ ለወንጌል ሄድን። ሶዶ ላይ ምሳ ስንበላ አብረውን የነበሩ አንድ አባት የወላይታን ታሪክ አነሱ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ሚሲዮናውያኑን ሲያባርር የተጠመቁት አማኞች መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር። ሚሲዮናውያኑ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ በሺዎች ሆነው ጠበቋቸው። «ሥራውን የሠሩት እዚያው የቀሩት ናቸው» አሉ አባታችን። ያኔ ብዙም ልብ አላልኩትም።

ቅዳሜ ገበያ ወጣን። አንድ ሽማግሌ መሬት ላይ ተቀምጠው እህል ይሸጣሉ። ዓይናቸው ሞራ ለብሶታል። ሰባት ሆነን ከበብናቸው፣ እጃችንን ጫንን፣ ጮክ ብለን ጸለይን። ስንጨርስ ሽማግሌው በአሪ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገሩ። አስተርጓሚያችን አንገቱን ደፋ። «ምን ይላሉ?» አልነው። «ምን አጥፍቼ ነው? ነው የሚሉት» አለ።

ማታ ሪፖርት ይሞላል። ቅጹ ላይ «የተጸለየላቸው ሰዎች ብዛት» የሚል መስመር አለ። 47 ብዬ ጻፍኩ። ከ47ቱ የአንዱን ስም እንኳ አላውቅም ነበር። እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ። የእማማ ነጠላ ትዝ አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ቡድኑን አስፈቅጄ ከአካባቢው ወንጌላዊ ጋር መዋል ጀመርኩ። እሱ አይቸኩልም። ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ይጠጣል፣ ስለ ከብቱ ይጠይቃል፣ ስለ ዝናቡ ይጠይቃል። ሲነሳ ሁለት ዓረፍተ ነገር በራሳቸው ቋንቋ ይጸልያል። በሚቀጥለው ቅዳሜም እዚያው አለ። እኛ የለንም። ወደ ሽማግሌውም አብሮኝ ሄደ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ። ሳቁና ቦታ ለቀቁልኝ። አሁን ወንጌላዊው በየሁለት ሳምንቱ ስልክ ይደውልልኛል፤ ስም በስም ይነግረኛል። ማን እንደወለደች፣ ማን እንደተጣላ፣ የማን ላም እንደጠፋች። እኔ እዚህ ሆኜ እጽፋቸዋለሁ። ለሚሲዮን ከሠራሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ የስልክ ጥሪ ነው።

«እና የሁሉም ጸሎት ተመለሰ?» የሚሉኝ አሉ። አልተመለሰም። የእማማ ልጅ ሆስፒታል ሳለን በሁለተኛው ሳምንት ሞተ። እማማ አስከሬኑን ይዘው ሊሄዱ መኪና እስኪመጣ ድረስ ግቢ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የምለው ጠፋኝ። ዝም ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው ለብሰውታል። ጫፉን ፈልገው አወጡና አሳዩኝ። «የሷ አልተፈታም፣ ወለተ ሚካኤል ይኸውልሽ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

እኔ የምጽፈው ደብተር ላይ ነው። ትንሽ ናት፣ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች። ስም ያላቸው ጥቂት ናቸው። ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፦ «የባቡሩ ላይ ልጅ፣ የትምህርት ማስረጃ የያዘ»። «እጁ የታሰረ ወያላ»። «ፋርማሲ ውስጥ ዋጋ ጠይቀው የተመለሱ አባት»። የመጨረሻው የረቡዕ ነው፦ «ቀይ ሻርፕ ያደረገች፣ ስልክ ላይ እሺ፣ እሺ እያለች ዕንባዋን የምትጠርግ»። ከጎኔ ነበርሽ። ልጠይቅሽ ስል ገርጂ ማዞሪያው ላይ ወረድሽ። ዛሬም ጠዋት ጠርቼሻለሁ።