የቁንዶ በርበሬ መፍጫ በእንጨት ቶርኖ፦ ከቅርጹ በፊት ቀዳዳው

የቁንዶ በርበሬ መፍጫ ሲታይ ዓይን የሚያርፈው ወገቡና አናቱ ላይ ነው። ሥራው ግን ውስጡ ነው። ቀዳዳዎቹ በአንድ መስመር ካልዋሉ ውጪው የቱንም ያህል ቢያምር አናቱ ሲዞር ይይዛል፣ ፍሬውም አንዱ ደቆ አንዱ ተሰባብሮ ይወርዳል። የአልጋና የበርጩማ እግር ሲያወጣ የኖረ እጅ ለቅርጽ ይቸኩላል። እኔ ቀዳዳውን ጨርሼ ነው ወደ ቅርጽ የምሄደው።

መጀመሪያ ብረቱ፣ ማለትም ውስጥ ገብቶ የሚፈጨው ክፍል፣ እጅ መግባት አለበት። ደሴ ላይ እንደልብ ስለማይገኝ ከውጭ በሚመጣ ሰው ነው የማስመጣው። የምጠቀምበት ዓይነት ባለ አራት ማዕዘን ቀጭን ዘንግ፣ ከአናቱ በላይ የሚታሰር ዳዶ፣ ከአናቱ ሥር በሁለት ቪቴ የምትያዝ መሃሏ አራት ማዕዘን የሆነ ክብ ቆርቆሮ፣ ከታች ቋሚና ተሽከርካሪ ጥርስ፣ ሞላ፣ ሁሉንም ደግፋ የምትይዝ ጠፍጣፋ ብረት አለው። የእንጨቱን ቁመት የሚወስነው ዘንጉ ነው። ዘንጉ ካጠረ ዳዶው የሚይዘው ጥርስ ያጣል፤ ከረዘመም ዳዶው እስከ መጨረሻ ቢጠብቅ እንኳ አናቱን አይጫንም። ከዚህ በታች የምሰጠው ልክ ለ25 ሴንቲ ሜትር መፍጫ ነው። ብረት ከብረት ስለሚለያይ የራሳችሁን በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ለክታችሁ አስተካክሉት።

ለዚህ ሥራ ወይራን የሚያህል አላውቅም። ጥብቅ ነው፣ ስለት ያምርበታል፣ ቪቴም አጥብቆ ይይዛል። ችግሩ ማድረቁ ነው። በአየር የሚደርቅ ጠንካራ እንጨት ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል ይባላል፤ 75 በ75 የተሰነጠቀ ወይራ እንግዲህ ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። አቋራጩ ከፈረሰ የድሮ ቤት የወጣ ምሰሶ ወይም የበር መቃን መግዛት ነው፤ ዕድሜ ልኩን ሲደርቅ የኖረ ነው። ከመሰንጠቁ በፊት ዙሪያውን በማግኔት ፈትሹት፤ ውስጡ የቀረ አንድ ሚስማር የፑንታውን (የመብሻውን) አፍ ይጨርሰዋል። ዋንዛ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ግን ስለሚለሰልስ ግድግዳውን ወፈር ማድረግ ያስፈልጋል። ጥድ ሽታው ከቅመሙ ጋር ስለሚደባለቅ አልጠቀምበትም። ባሕር ዛፍ ይጣመማል።

እርጥብ እንጨት ብቻ ካለ ጫፎቹን በሰም ወይም በተረፈ ቀለም እደፍናለሁ፤ የግንዱ ልብ ውስጡ እንዳይቀር አድርጌ እሰነጥቀዋለሁ፤ ከዚያ መሃሉን በ20 ሚሊ ሜትር ፑንታ ዳር እስከ ዳር እበሳዋለሁ። ከውስጥም ከውጭም ሲደርቅ ስንጥቁ ይቀንሳል። መድረሱን የማውቀው በሚዛን ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ መዝኜ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም። ይህም በበጋ መሆን አለበት። ደሴ በበልግም በክረምትም ስለሚዘንብባት ነሐሴ ላይ ክብደቱ ቆመ ማለት ደረቀ ማለት አይደለም፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። ደሴ ላይ በችኮላ የተሠራ መፍጫ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲቀመጥ ይሸሻል፣ ማለት ይኮማተራል። እንጨት በዓመት ቀለበቱ ዙሪያ የሚሸሸው ከልቡ ወደ ቅርፊቱ ካለው አቅጣጫ እጥፍ ያህል ስለሆነ ክቡ ቀዳዳ ሞላላ ይሆናል፣ አናቱም ይነክሳል። ለብዙዎቹ ብልሽቶች ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ብረቱን መውቀስ ይቀናናል እንጂ።

ወደ ቶርኖው። ሞተሩ በደቂቃ 1,400 ዙር ከሆነ፣ በሞተሩ በኩል 60፣ በቶርኖው በኩል 240 ሚሊ ሜትር ፑሌጃ ቢደረግ 350 ዙር ይሰጣል፤ ትልቁን ቀዳዳ ለመብሳት ትክክለኛው ነው። ለቅርጽ ቺንጋውን ወደ እኩል ፑሌጃ እመልሰዋለሁ። ጋቢና ፎጣ ከአንገት ይውረድ፣ ጓንት አይደረግ፤ መነጽርና የአፍ መሸፈኛ ይደረግ። መብራት ከጠፋ ማጥፊያው ወዲያው ይጠፋ፤ ሳይታሰብ ሲመለስ እጅ ቶርኖው ላይ ሊሆን ይችላል።

280 ሚሊ ሜትር የሆነውን እንጨት በቶርኖው ሁለት ጫፎች መሃል አስሬ በጎድጓዳ መሮ ወደ 70 ሚሊ ሜትር ክብ አወርደዋለሁ፤ በአናቱ በኩል ለመንጋጋ (ለቶርኖው መያዣ) የሚሆን 8 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ወንዴ (ወጣ ያለ ክብ ምላስ) አወጣለሁ። በዚያ ወንዴ አስሬው የታችኛውን ፊት ቀጥ አድርጌ እፍቃለሁ። ከዚያ 41 ሚሊ ሜትር በሆነ ፎርስትነር (ሰፊ ቀዳዳ የሚበሳ ፑንታ) 13 ሚሊ ሜትር ጥልቀት፣ ሳልፈታው ወዲያው በ27 ፎርስትነር ከቁመቱ ግማሽ እስካልፍ። ሁለቱ በአንድ አሰሳር መበሳታቸው ዋናው ነገር ነው፤ ፈትቶ መልሶ ማሰር ማዕከሉን ያዛባል፣ ጥርሱም ወደ አንድ ጎን ያጋድላል። ቀድሞ በ20 የተበሳ እንጨት ከሆነ አፉ ላይ የእንጨት ውታፍ እመታበታለሁ፤ የፎርስትነር መሃል ጫፍ የሚነክሰው ካጣ ይንሸራተታል።

በየ10 ሚሊ ሜትሩ ፑንታውን አውጥቶ ሰጋቱራውን ማራገፍ ግድ ነው። ከታጨቀ ይግላል፣ ይጨሳል፣ ወይራም በሙቀት ከውስጥ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የሚታየው ደግሞ ቅርጹ ካለቀ በኋላ ነው። ቶርኖው እየዞረ ወደኋላ ሲወጣ የፑንታ መያዣውን በግራ እጄ ወደ ቴልስቶኩ (የቶርኖው ተንሸራታች ጫፍ) ገፋ አድርጌ እይዛለሁ፤ ፑንታው ከነከሰ መያዣው ከቴልስቶኩ ተነቅሎ አብሮ መዞር ይጀምራልና። ተራ ፎርስትነር 90 ሚሊ ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚያልቅ ማስረዘሚያ ያስፈልጋል።

አሁን ከታችኛው ፊት 190 ሚሊ ሜትር ላይ አካሉን በመቁረጫ መሮ እለያለሁ። አናቱ በመንጋጋው እንደታሰረ ይቀራል፣ ሥሩ ወደ እኔ ዞሮ። እዚያው 12 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ወንዴ አወጣለሁ፤ ውፍረቱ 26.5፣ ማለት ከሴቴው (ከ27ቱ ቀዳዳ) ግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ። የድርቀቱ ነገር ካጠራጠረ 26.2። ልክክ ብሎ ሲገባ ደስ ይላል፤ ያ ደስታ ግን እስከ መጪው ዝናብ ነው። በመጨረሻም 7 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በመሃሉ እስከ ላይ፤ የወንዴውና የዚህ ቀዳዳ ማዕከል አንድ የሚሆነው ሳይፈታ ከተበሳ ብቻ ነው።

አካሉን ገልብጬ መንጋጋውን 41ዱ ቀዳዳ ውስጥ አስገብቼ ወደ ውጭ እከፍተዋለሁ፤ ብዙ ከጠበቀ አፉን ይሰነጥቀዋል። ከላይ በ27ቱ ብስቼ ከታችኛው ጋር አገናኛለሁ። መጋጠሚያው ላይ የጸጉር ያህል ደረጃ ቢቀር ምንም አይደለም፤ ፍሬ የሚያስቀር ከሆነ ግን በሸካራ ወረቀት ይውረድ።

ቅርጽ የሚወጣው አናቱ አካሉ ላይ ተሰክቶ፣ ወንዴው በወረቀት ተጠቅልሎ፣ ቴልስቶኩ 7ቱ ቀዳዳ ላይ ደግፎ ነው፤ ያኔ የእንጨቱ መስመር ሳይቆራረጥ ከታች እስከ አናት ይሄዳል። ወገቡ ከ40 ሚሊ ሜትር በታች እንዳይወርድ፤ 27ቱ ሲቀነስ በየጎኑ የሚቀረው 6.5 ነው። አናቱ እርጥብ እጅ እንዳያንሸራትት እንደ እንቁላል ከሚድቦለቦል ይልቅ ጎርበጥ ቢል ይሻላል። መፋቂያ ወረቀቱ ከ120 ጀምሮ በ180፣ በ240፣ በ320፤ ቁጥር አትዝለሉ፣ ወይራ ላይ ጭረቱ ይታያል።

ለውጩ የተልባ ዘይት በጣም ስስ አድርጎ፣ ከደረቀ በኋላ ንጹሕ ሰም። በደሴ ብርድ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ቀናት ስጡት። ውስጡ አይቀባ፤ ሽታው ቁንዶ በርበሬው ላይ ይቀራል። ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨማድዶ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ ሊነድ ስለሚችል ዘርግታችሁ አድርቁት።

ብረቱን ስታስሩ ለቪቴዎቹ አስቀድማችሁ በቀጭን ፑንታ ብሱ፤ ወይራ ላይ በጉልበት የገባ ቪቴ ይበጠሳል። ዳዶው ሲጠብቅ ይደቅቃል፣ ሲላላ ይሸክራል። አናቱ ሲዞር ከያዘ ወንዴው ሞላላ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ በመፋተግ ያብረቀረቀው ቦታ ላይ ብቻ ይፋቅ።

ጢምዝ በዚህ አይፈጭም፤ ርዝመቱ ጥርሱ ላይ ስለማይወርድ በሙቀጫ ነው። የጨው መፍጫ ለሚያዝዝ ደንበኛ የሴራሚክ ጥርስ ያለው ብረት ይምጣለት፤ ተራው የብረት ጥርስ በጨው ይዝጋል። የአፍዴራ ጨውም ከመጨመሩ በፊት ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ እርጥበት ካለው ጥርሱ ላይ ይጋገራል።