ከመከታ ጋር እስከ ጓሳው አፋፍ

በጥር ወር የመንዝ ጠዋት ፀሐይ ወጥታም ቶሎ አይሞቅም። ሌሊት የጣለው ውርጭ ከካቡ ጥላ ሥር ነጭ እንደሆነ ይቆያል። መከታ ግን ብርድ የሚባል ነገር መኖሩን የሰማ አይመስልም። የአክስቴ ውሻ ነው፤ ሥራው በግ መጠበቅ። እኔ ከአዲስ አበባ ስመጣ ሥራውን እርግፍ አድርጎ ይከተለኛል፤ አክስቴም "አባለግህብኝ" ትለኛለች። አልዋሸችም።

ከመሀል ሜዳ ከተማ ጓሳ ወደሚባለው ጥብቅ የሣር መሬት የሚወስደው ዳገት ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነው። ገብሱ ታጭዶና ተወቅቶ ገብቷል፤ ማሳው የበጎች ሆኗል። መከታ ፊት ፊት ይሮጣል፣ ቆም ብሎ ዞር ይላል፣ መምጣቴን ሲያይ እንደገና ይሄዳል። መንገድ ላይ ያገኘናቸው አንድ አባት ዱላቸውን ተደግፈው አዩኝና፣

"ምን ጠፋህ ልጄ? በሬ ነው በቅሎ?" አሉ።

"ኧረ ምንም አልጠፋኝ አባባ፤ እንዲሁ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው።"

"ታስሮ ነበር?"

እውነትም በዚህ አገር ከብት ያልጠፋው ሰው ሽቅብ ምን ያወጣዋል? አዲስ አበባ ውስጥ ይሄኔ ስፖርት እየሠራሁ ነበር፤ እዚህ ሥራ ፈት ነኝ።

ዳገቱ ሲጋመስ ጦስኙ ይጀምራል። መከታ ሁልጊዜ እዚያ ሲደርስ በጀርባው ይወድቅና አራት እግሩን ሰቅሎ ይንከባለላል፤ ሲነሳ ፀጉሩ ላይ ትናንሽ ቅጠሎች ተሰክተው፣ ሻይ ሻይ እየሸተተ ነው። አንገቱ ሥር አፍንጫዬን አስጠጋሁ። ከጦስኙ ሥር ያው የበግና የጭስ ጠረኑ አለ።

አፋፉ ላይ ስንወጣ ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሞ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጓሳ ነው። እኔና መከታ የምንቆመው እዚህ ላይ ነው። ከኪሴ የጓሳ ሣር ገመድ አውጥቼ አንገቱን አሰርኩት። ሳሩ የተገመደው ከዚያው ከጓሳ መሬት ታጭዶ ነው፤ ለቤት ክዳንም ለገሳም የሚሆነው እሱ ነው። ያገሬው አባቶች ይህን ሣር ለዓመታት ዘግተው፣ ጠባቂ አቁመው፣ ጊዜው ሲደርስ ብቻ እየከፈቱ ነው ለዛሬ ያደረሱት።

መከታን የማስረው ግን ለሣሩ ብዬ አይደለም። እዚያ ውስጥ ቀይ ቀበሮ አለ። በዓለም ላይ ከአገራችን ተራሮች በቀር የትም የለም፤ የቀሩት አዋቂዎች ከ500 አይበልጡም። ሰው ተኩሶ ከሚገድለው ይልቅ ከመንደር ውሻ የሚጋባው የእብድ ውሻ በሽታ ይፈጀዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሌ፣ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት አብዛኞቹን የጨረሰው እሱ ነው። መከታ ተከትቧል፤ ቢሆንም ውሻ የሚያመጣው በሽታ አንድ ብቻ አይደለም።

ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከሩቅ ሣር እየነጩ ነበር። ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት የነገረንን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል፦ ቀይ ቀበሮ ጭላዶቹ መሀል ገብቶ አይጥ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ከአራት አንዱ ብቻ። ግልገሎቻቸውን ስለማይነካ መሀላቸው ሲመላለስ ዝም ይሉታል። ውሻ ካዩ ግን ወደ ገደሉ ነው የሚሮጡት። መከታ ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል? ጆሮውን አቁሞ፣ ገመዱን እየሳበ፣ ለምን እንደያዝኩት ሊገባው አልቻለም። ትንሽ አለቀሰ። እኔም ትንሽ አዘንኩለት፤ ግን አልፈታሁትም።

ቅዳሜ ጭላዶቹን በቅርብ ለማየት ብቻዬን እወጣለሁ። አክስቴ ከአሁኑ ተቆጥታለች፤ መከታ ታስሮ ሲውል ቀኑን ሙሉ እያላዘነ ጎረቤት ስለሚያስመርር እሱን የሚያባብል ሰው ፈልገህ ሂድ ብላኛለች።